ከድድ በታች ያለው ጥርስ፦ የጤና ክበባችን ዓመት

"ዘንድሮ የጤና ክበብ ጥርስ ሲቆጥር ከረመ" ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ቆጥረናል። ከቆጠራው የተገኘውን ግን ወላጆችም የትምህርት ቤታችን አስተዳደርም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

መስከረምና ጥቅምት በምዝገባና በስብሰባ አለቁ። ኅዳር ላይ አባላቱ የሕፃንንና የአዋቂን መንጋጋ በትልቅ ወረቀት ሣሉ። የወተት ጥርስ 20፣ የአዋቂ 32። የፊት ጥርስ ይቆርጣል፣ ክራንቻ ይዘነጥላል፣ የመንጋጋ ጥርስ ይፈጫል። ይህንን የሳይንስ መጽሐፋቸውም ይነግራቸዋል። እኛ የጨመርነው ከድድ ሥር ያለውን ነው። ሕፃን ሲወለድ አፉ ባዶ ይመስላል እንጂ የወተት ጥርሶቹ ድዱ ውስጥ መሠራት ጀምረዋል። ልጆቹ ድዱን ሮዝ ቀብተው ጥርሶቹን ከሥሩ አሳዩ።

አንዲት የ7ኛ ክፍል አባላችን ትንሽ ወንድም አላት። ጥርስ ገና አላወጣም። ተቅማጥና ትኩሳት ያዘውና ቤት ውስጥ "ድዱ አብጧል፣ ትል ነው፣ ይውጣለት" ተባለ። ልማዱ በአገራችን ብዙ ቦታ አለ። ያ እብጠት ግን ትል ሳይሆን ያልወጣ ክራንቻ ነው። በስለት ሲያወጡት ሕፃኑ ብዙ ሊደማ፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። በኋላ የሚተካው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል።

ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ያንን ሥዕል በቃሏ ሣለችው። ለአያቷም አሳየቻት። "አያቴ፣ ይሄ ትል አይደለም፣ ክራንቻው ነው። አንቺም ሕፃን ሆነሽ ነበረሽ።" አያትየው መጀመሪያ ተቆጡ። ልጅቷ ግን አልተወችም። በመጨረሻ "እሺ በቃ፣ ጤና ጣቢያ ይታይ" አሉ። እዚያ ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የተቅማጥ መድኃኒት) እና ዚንክ ተሰጠው፤ ልጁም ተሻለው።

በሳምንቱ አያትየው ራሳቸው ትምህርት ቤት መጡ። ትልቁን ሥዕል አይተው "ለጎረቤቶቼ የማሳየው አንድ ሣሉልኝ" አሉን። አባላቱ ምሳ ሰዓታቸውን ሰውተው ሣሉላቸው። እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ ተማሪ የተማረውን ይዞ ቤት ገብቶ እንዲህ ሲሠራበት ማየት ሌላ ደስታ ነው።

ከዚያ በኋላ አባላቱ ወደ 1ኛ ክፍል ሄዱ። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ የመንጋጋ ጥርስ ይበቅላል። የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ማንም ልብ አይለውም። ብዙ ወላጅ "የወተት ነው፣ ይወልቃል" ብሎ ይተወዋል። አይወልቅም። እሱ ከተበላሸ ጣሪያ ላይ ወርውሮ ሌላ መጠበቅ የለም። ላዩ ስርጓዳ ስለሆነ ሐልዋና ብስኩት ይይዛል፤ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡና ጥርሱ ይቦረቦራል። ስለዚህ ልጆቹን በቀን ሁለቴ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እስከ ኋላው ድረስ መቦረሽ አሳየናቸው። ቀፊራ ገበያ ወርደን መፋቂያም ገዛን። መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የፊት ጥርሱን ብቻ ፍቆ ይተወዋል።

ያልተሳካልንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 የጥንት ሰው መንጋጋ አጥንት የተገኘበት ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እዚሁ ድሬዳዋ አጠገብ ነው። ልጆቹን ልንወስዳቸው አቅደን መኪና አጣን። ለኳስ ጨዋታ መኪና ሲገኝ ለእኛ የሚጠፋበትን ምክንያት እስካሁን የነገረን የለም። የመቦረሽ ልምምዱንም ብዙ ቀን የሰረዝነው ቧንቧው ውኃ ስላልነበረው ነው። በዚህ ሙቀት ልጅ የሚጠጣውን ውኃ "ተጉመጥመጥበት" አይባልም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ክዳንና ቧንቧ ያለው አንድ የውኃ በርሜል፣ አፍ ውስጥ የምናይባቸው ጥቂት የእጅ ባትሪዎች፣ ለ1ኛ ክፍል የሚበቃ የሕፃናት ቡሩሽና የጥርስ ሳሙና፣ አንድ የፕላስቲክ የመንጋጋ ሞዴል። ማገዝ የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። የአዲስ አባላት ምዝገባ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመራል፤ ትልቁ ሥዕልም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ገብታችሁ እዩት።