የሚረጋው ዘይትና የባለቤቴ ደም ግፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የልብና የደም ሥር በሽታን ከውፍረት ጋር ብቻ አያይዛችሁ መጻፋችሁ አልተዋጠልኝም።

ደብረ ብርሃን ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። የኛ ብርድ ገመና አይሸፍንም። ጠዋት ጀሪካኑን ስከፍት የፓልም ዘይቱ ነጭ ሆኖ ረግቶ ይጠብቀኛል፤ በማንኪያ ነው የማወጣው። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ይህ ቅባት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርገዋል፣ ኮሌስትሮሉም በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጋገረ መተላለፊያውን ያጠብባል። (ቅቤም ያው ነው፤ የመንዝ ሰው ይቅር ይበለኝ።) የኑግ ዘይት በዚሁ ብርድ አይረጋም፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ጨውስ? እሱም ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የኔ ደንበኛ ግን ሽሮውን ሳይቀምስ ጨው ይጠራል።

ባለቤቴ ቀጭን ነው፣ ዳገት ሲወጣ አይደክመውም። ግፊቱ 170/100 ነው ሲባል "ማሽኑ ተበላሽቷል" አለ። ራሱን እንኳ አላመመውም ነበር። ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን የሚጎዳው። "ተሽሎኛል" ብሎ ኪኒኑን ያቋረጠ ጎረቤትማ ስንቱ! ሲጋራውንና አረቄውን ሲጨምሩበት ደግሞ አስቡት።

እባካችሁ ከሷ ጀምሮ ደም ግፊት አለ የሚባልባትን 140/90 የምትለዋን ቁጥር እንደ ዶላር ምንዛሪ ደጋግማችሁ አውጡልን። እድሮችም ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጎን አንድ የግፊት መለኪያ ይግዙ፤ በወር ስብሰባ ላይ ሁሉም ክንዱን ይዘርጋ።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን