ከሰኔ በፊት ጣራ፦ ለቅርስ ቤታችን የድጋፍ ጥሪ

ከመቅደላ ግርጌ ተወልዳችሁ በቅርብም በሩቅም ላላችሁ ወገኖቻችን፣

ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካለፉ በኋላ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ሴባስቶፖል ግን አምባው ላይ ቀረ፤ 70 ኩንታል የሚያህል መድፍ ማን ተሸክሞት ይሄዳል!

የዘውዱን ነገር መንግሥት ይጠይቅ። እኛ የምንለምነው እጃችን ላይ ላለው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ብራናዎች በየማኅደራቸው እንደ ተንጠለጠሉ ጣራው ያፈስባቸዋል፤ የአንዱን ጠርዝ አምና አይጥ በልቶት አገኘነው። አያቶቻችን ሼኾች በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ የጻፏቸው መንዙማዎች ደግሞ ጎተራ ሥር፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ናቸው። «እኔ ካለፍሁ ማን ያውቀዋል?» ይላሉ ሣጥኑን የያዙት እናታችን።

የላሊበላው አፍሮ አይገባ በ1989 ተሰርቆ ቤልጅየም ደርሶ በ1993 ተመልሷል። ስመ ጥር መስቀል ነውና ተፈለገ። የእኛ ሣጥን ቢጠፋ ግን ፎቶ እንኳ የለው፣ ምን ብለን እንፈልገዋለን? በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ያየነውም አልወጣልንም።

ስለዚህ ቄሶቹና ሼኾቹ መክረው በትምህርት ቤቱ ጓሮ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ጀመርን። ድንጋዩን በደቦ አጋዝን፤ በዓሉም ጁምዓውም ሲነሣለት የምትተርፈዋን ቀን እየቆጠርን ማለት ነው። ግድግዳው ቆሟል። መስኮቱን ሆን ብለን አጥብበነዋል፣ ፀሐይ ቀለም ታደበዝዛለችና። ታቦትና የቅዳሴ ዕቃ ከመቅደስ ንቅንቅ አይልም፤ በዚህ የሠጋችሁ አትሥጉ። የቀረን ቆርቆሮ፣ የብረት በርና ባለመስታወት መደርደሪያ ነው።

በነፍስ ወከፍ አንድ ቆርቆሮ ብትሉን ይበቃል። ገንዘቡ በሦስት ፊርማ ነው የሚወጣው፦ ከቤተ ክርስቲያን አንድ፣ ከመስጊድ አንድ፣ ከትምህርት ቤቱ አንድ። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ አለ። ደሴ ያላችሁ ቆርቆሮውን ራሱን ገዝታችሁ ወደ እኛ በሚመጣ አይሱዙ ላይ ብትጭኑልን የበለጠ ይጠቅመናል። ካሜራ ያለው ልጅም ለአንድ ሳምንት ይምጣና ብራናውንም ኪታቡንም ገጽ በገጽ ያንሣልን፤ ማደሪያውና እንጀራው ከእኛ። ብቻ ሰኔ ሳይገባ ይሁን።