የማርፈድ ቅጣት ቀሪ እንዳያበዛ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሐዋሳ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የሠራተኞች ማርፈድ በየስብሰባው የሚነሳ ጉዳይ ከሆነ ሰንብቷል። በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ የአሠሪዎችን ምሬት በቅርብ አውቀዋለሁ። በስፌት መስመር ላይ አንገትጌ የምትሰፋው ሠራተኛ በቦታዋ ካልተገኘች እጅጌ የምትገጥመው ሥራ ፈታ ትቀመጣለች፣ ከእሷ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ፤ የዕለቱ ዕቅድ ገና በጠዋቱ ይዛባል። ሰዓት ይከበር ማለት ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የቅጣቱ ዓይነት ማርፈድን ወደ መቅረት እየለወጠው መምጣቱ ነው።

በአንድ የከተማችን ፋብሪካ ያየሁትን ላቅርብ። ወሩን ሙሉ ሳታረፍድና ሳትቀር ለሠራች ሠራተኛ ከደመወዟ ሌላ ቦነስ ይከፈላታል፤ አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ካረፈደች ግን የወሩን ቦነስ በሙሉ ታጣለች። በር ላይ ደርሳ ሰዓቱ ማለፉን ያየች ልጅ ብትገባም ባትገባም ቦነሱ ቀርቷል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ከበሩ ይመለሳሉ፣ በቀሩት የወሩ ቀናትም በጊዜ ለመድረስ የሚያተጋቸው ነገር አይኖርም። አሥር ደቂቃ እንዳይባክንበት የፈለገው ፋብሪካ በዚህ መንገድ ሙሉ የሥራ ቀን ያጣል።

በሕጉ በኩል ሲታይ ጉዳቱ የባሰ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 እንደደነገገው፣ የመዘግየቱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ካልሆነ በቀር፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ ሊሰናበት ይችላል። ከሥራ ለቀረ ግን በዚያው 6 ወር ውስጥ 5 ቀን ይበቃል። አርፍዳ መግባት ስትችል በቦነሱ ምክንያት የተመለሰችው ሠራተኛ ሳታውቀው ወደ ስንብት የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ ይዛለች ማለት ነው።

ምክንያቶቹንም ማየት ይገባል። በነዳጅ ሰልፍ ጊዜ ባጃጅ ይጠፋል፤ ሰርቪስ ዘግይቶ ሲመጣም ተሳፋሪዎቹ በሙሉ እንዳረፈዱ ይመዘገባሉ፣ ይህ ደግሞ በምንም መለኪያ የሠራተኛ ጥፋት ሊባል አይችልም። በክረምት ወራት ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። በዝናብ የራሰ ጣት አሻራ መቀበያው ላይ አልነበብ ይላል፤ ሠራተኛዋ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች ደጋግማ ስትሞክር ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ይረዝማል፣ በሰዓቱ ግቢ የገቡ ሰዎች መዝገቡ ላይ አርፋጆች ሆነው ይወጣሉ። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ይህንኑ መዝገብ ይዞ ነው።

በቂ ምክንያት ሳይኖረው የሚያረፍድ ሠራተኛ የለም እያልኩ አይደለም። ለእሱ አዋጁ ያስቀመጠው ልክ ጥብቅ ነው፣ ሊሠራበትም ይገባል።

በየፋብሪካው ያሉ የሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች የኅብረት ስምምነታቸውን ሲያድሱ፣ አዋጁ ለስምምነት የተወውን የበቂ ምክንያት ጉዳይ በዝምታ አይለፉት። የሰርቪስ መዘግየትና የአሻራ መሣሪያ ብልሽት በስም ተጠቅሰው ይግቡ፤ ቦነሱም በአንድ ጊዜ ከሚቀር ባረፈደችው ቀን ልክ ይቀነስ። የከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎችም ለቁጥጥር ሲወጡ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችን ብቻ ሳይሆን የዚያኑ ቀን የሰርቪስ መግቢያ ሰዓት አብረው እንዲያዩ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ
ከሐዋሳ