በሩ ቀትር ላይ አይከፈትም

ድሬዳዋ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ?

የአባትሽ አርባ በሰላም ወጣ። ድንኳኑ ተነቅሏል፣ የዕድሩ ወንበርም ተመልሷል። ወረቀትሽ ስላላለቀ መምጣት አልቻልሽም፤ በዚህ ራስሽን አትቆጪ። ባለፈው በስልክ «የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ምን ተባለ?» ብለሽኝ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔንም እንባ ቀደመኝ። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ንባቡ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። በ1937 ተወለደ። አምስት ኪሎ ምህንድስና ተማረ። በ1961 ምድር ባቡር ተቀጠረ፣ በ1992 ጡረታ ወጣ። ትጉህ ሠራተኛ፣ ቤተሰቡን ወዳድ ነበር። አለቀ። አንድም ውሸት የለበትም፤ ግን አባትሽም የለበትም።

ድሬ ሲመጣ የምድር ባቡር ሥራ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። አምስት ኪሎ ደግሞ ያስተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ወርክሾፕ ገብቶ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ሥር ተቀመጠና የእያንዳንዱን ብሎን ስም እንደ ፊደል ቆጠረ። «ደሞዙ የኔ ይበልጣል፣ አስተማሪው ግን እሱ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። ለገሃርና ፉርጎ ስንል ፈረንሳይኛ መናገራችን መሆኑንም የነገረኝ እሱ ነው። እኔ አማርኛ ይመስለኝ ነበር።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ከአዋሽ ስንመለስ «ባቡሩ ለምን ጠቅ ጠቅ ይላል?» አልሽው። ሌላ አባት ቢሆን «የባቡር ድምፅ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፍሽ ነበር። እሱ ክብሪት ከኪሱ አወጣ። ሁለት እንጨት ጉልበቱ ላይ ጫፍና ጫፍ አስተኛ፤ በመሃላቸው ትንሽ ቦታ ተወ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ አለሽ። 12 ሜትር የሆነ ሐዲድ ከሌሊቱ ብርድ እስከ ቀትሩ ሐሩር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ቦታ ካልተተወለት እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ይጣመማል፣ ባቡሩም ይወድቃል። ጠቅ የሚለው የብረት ጎማው ያችን ክፍተት ሲሻገር ነው።

አንቺ ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደሽ። የሰማሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንጣላ መሣሪያዬ አደረግኩት። አባትሽ መጨቃጨቅ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ግቢ ይወጣና አንድ ነገር መፍታት ይጀምራል። «ደግሞ ክፍተትህን ልትተው ነው?» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ግን አይገባም። ያ ክፍተት አንዳንዴ በዝቶብኛል፣ አልዋሽሽም። ሐዲድ ተበላሸ ከተባለ ሳምንት ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ነው። የሦስታችሁንም ኩፍኝ ብቻዬን ነው ያስታመምኩት። «ቤተሰቡን ወዳድ» ሲሉ ውስጤ ትንሽ ሳቅ አለ። አቦ፣ ወዳድማ ነበር፤ ሲገኝ!

ነሐሴ 1969 ላይ የሶማሊያ ጦርነት ድሬ ደጃፍ ደረሰ። ታላቅ ወንድምሽን ልወልድ አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር። ድልድይ እየተመታ መስመሩ ለወራት ተዘጋ። ልጁ ተወለደ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ አባትሽ ለጥገና መስመር ላይ ወጣ። ከብዙ ወር በኋላ አቧራ ለብሶ፣ ጢሙ አድጎ ገባ። ወንድምሽ ያኔ ይድሃል። ሲያየው ቤቱን በጩኸት አቀለጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል፣ ወይ በግድ አቅፎ ይስመዋል። አባትሽ በሩ ጋ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ አሮጌ ኩሽኔታ አወጣና መሬቱ ላይ አንከባለላት። ኪር እያለች ሄደች። ልጁ ማልቀሱን ተወ። አባትሽ ተነስቶ አመጣት፣ ደግሞ አንከባለላት። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ልጁ ራሱ ድሆ ያዛት። ከዚያም ዞር ብሎ አባትሽን አየው። እዚያው ሲሚንቶ ላይ አብረው ተኙ፤ ምሳ እንኳ አልበላም።

ኩሽኔታዋ የኔ መሳቢያ ውስጥ ናት። ወንድምሽ ጠይቆኛል፤ አልሰጠሁትም።

ከጡረታ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። የሰፈሩ ፓምፕና ፍሪጅ ሁሉ እኛ ግቢ ነበር። ገንዘብ አይቀበልም፣ ፈቲራ ከመጣለት ግን እምቢ አይልም። በ2009 አዲሱ ባቡር ሲመረቅ ልየው ብሎ ሄደ። የድሮው የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር መሆኑን እየደጋገመ ለሻሂ ጓደኞቹ አወራላቸው። ይቀናል ብዬ ነበር፤ አልቀናም። የከነከነው የባቡሩ ዝምታ ነው። የዘንድሮ ሐዲድ ይበየዳል፣ ጠቅ ጠቅ አይልም። «እኛ ለሙቀቱ ቦታ እንተውለት ነበር፣ እነዚህ አጥብቀው ይይዙታል፤ ጎበዞች ናቸው» አለ። ያን ቀን ማታ ብዙም አላወራም።

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ጉዳይ። ለቅሶ ላይ ሰው ሲገባ ሲወጣ የግቢው በር ማጠፊያ ተሰበረ። ወንድምሽ ብየዳ የሚሠራ ልጅ አምጥቶ አሠራው። ልጁ ከዚህ በፊት በመሃል የነበረውን ቦታ አይቶ «ማዘር፣ በርዎ ክፍተት አለው፣ ገጥም አድርጌ ልሥራልዎ» አለኝ። ሐሳቤ በቦታው ስላልነበረ እሺ አልኩት። አሁን ጠዋት ደህና ይከፈታል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ብረቱ ይነክሳል፣ ጎትቼ አልችለውም። ፀሐይዋ እስክትበርድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ነው። ወንድምሽ «ቅባት እናደርግበታለን» ይላል። ቅባት ምን ያደርግለታል! ለወንድምሽ ደውይና አንቺ አስረጂው፤ ሁለት የክብሪት እንጨት የሚያልፍበት ያህል ይሞረድ በይው።

እናትሽ