«አልገባኝም» ለማለት 20 ዓመት ፈጀብኝ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላም ለናንተ ይሁን።

ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት፣ ይሄን ሁላችንም ሰምተናል፣ ስለ አስተማሪውም ስለ መጽሐፉም ስለ ኩረጃውም ብዙ ተብሏል፣ ልክም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ውጤቱ ከታየ በኋላ ልጁ ሆድ ውስጥ የሚቀረው ነገር ነው፣ ምክንያቱም እኔ ሆድ ውስጥ 20 ዓመት ቀርቷል።

በ1996 የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ወሰድኩ፣ ከ4 ነጥብ 1.57 አመጣሁ። ወረቀቱን ጓሮ ሄጄ ቀደድኩት፣ ለማንም አላሳየሁም። ከዛ ስፌት ተማርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ የራሴ ማሽንና የራሴ ሱቅ አለኝ፣ ሶስት ልጆች አሳድጋለሁ፣ ሰው ሲያየኝ ምን ጎደላት ነው የሚለው። ግን ቅጽ ሙዪ ስባል እጄ ይንቀጠቀጣል። የእቁባችን ጸሐፊ ሁኚ ብለው ሲመርጡኝ ጊዜ የለኝም ብዬ እምቢ አልኩ። ጊዜማ ነበረኝ።

ትልቋ ልጄ 6ኛ ክፍል እያለች አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ ሱቅ መጣች፣ «እማዬ ይሄን አሳዪኝ» አለችኝ። ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ማካፈል ነው፣ ሁለት ከሩብ ሲካፈል ለሶስት ሩብ። እንደ ልማዴ ስራ በዝቶብኛል አባትሽን ጠብቂ አልኳት፣ እሷም ዝም ብላ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ፊት ጠረጴዛው ላይ ደንበኛ ያመጣችው ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ስለካው ሁለት ሜትር ከሩብ ነው፣ ለአንድ ትንሽ ልጅ ቀሚስ ሶስት ሩብ ይበቃል፣ ስለዚህ ሶስት ቀሚስ ይወጣዋል ብዬ በጠመኔ ምልክት ላደርግ ስል እጄ ቆመ። ልጄ የጠየቀችኝኮ ይሄንኑ ነው! ጠራኋትና ጨርቁ ላይ አብረን ለካን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት። እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን ማታ ተኝቼ አለቀስኩ። በቀን አስር ጊዜ የምሰራውን ነገር ደብተር ላይ ሲጻፍ ስሸሸው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ከዛ በኋላም ቢሆን ወዲያው አልተመዘገብኩም፣ አንድ ዓመት አለፈ። ይሉኝታ ነው። በዚህ እድሜዋ ምን ልትሆን ነው ይሉኛል ብዬ፣ ባሌ እንኳን ሂጂ እያለኝ። ማታ ትምህርት ስገባ የድሮ ማስረጃ ስላልነበረኝ እንደገና ከ9ኛ ጀመርኩ፣ ደብተሬን ዘምቢል ውስጥ ጎመን ስር ደብቄ ነበር የምወጣው፣ የሰፈር ሰው ጉልት የምሄድ እንዲመስለው። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል፣ መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር፣ አሁን በፍቅር እንደሆነ ገብቶኛል።

ሶስት ሳምንት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ ሰሌዳ ላይ ያለውን ዝም ብዬ ገለበጥኩ። ቲቸር «ገባችሁ?» ሲል ሁሉም አዎ ይላል፣ እኔም አዎ እላለሁ። አንድ ቀን እንዴት እንደሆነ አላውቅም እጄን አወጣሁና «አልገባኝም» አልኩ፣ ልቤ ሲመታ ለራሴ ይሰማኛል። እሱም «እሺ እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የጠፋብዎት?» ብሎ ከመጀመሪያው ደገመው። ማንም አልሳቀም። ልጅ ሆነን እኮ አልገባኝም ያለ ይሳቅበት ነበር፣ ደደብ ይባል ነበር፣ እኛም ገብቶናል ማለትን ተማርን፣ ማትሪክ ላይ ደርሰን ነው ያልገባን መሆኑ የታወቀው። ይሄ ነገር ዛሬም ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለኛል፣ ከልጆቼ እሰማለሁ።

እናቴ እንዲህ አልነበረችም። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወንድሜን አዝላ ነው ፊደል የቆጠረችው፣ 33ቱን በ7 ዘራቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምጻቸው አንድ ሆኖ ለምን ሶስት ሆኑ እያለች ዘማቹን መውጫ ታሳጣው እንደነበር አሁንም ታወራለች፣ ሲደክመው ደግሞ «ልጄ አንዴ ድገምልኝ» ትለው ነበር። ማንም አላወቅሽም ብሏት ስለማያውቅ ማፈሩን አልለመደችውም።

ፍርሃቱ ለቀቀኝ ልላችሁ አልችልም። እንግሊዝኛ ድምጽ አውጥተሽ አንብቢ ስባል አሁንም ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ባለፈው ሁለት መስመር አንብቤ ተቀመጥኩ። ግን አነበብኩ።

እናንተን የምጠይቀው፣ ውጤት በወጣ ቁጥር ትልቅ ነጥብ ያመጡትን ልጆች ፎቶ ታወጣላችሁ፣ ደስ ይላል፣ ይገባቸዋል። እስቲ አንድ ቀን ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጋዜጠኛ ልካችሁ የማታ ተማሪዎችን አነጋግሩ፣ ጥበቃ የሚሰራ አለ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አለች፣ ልጇን ይዛ የምትማር አለች። ዘንድሮ ውጤቱን ደብቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ቢያነበው እንደኔ 20 ዓመት አይቆይም ይሆናል። ምዝገባው መቼና የት እንደሆነም አብራችሁ ጻፉልን፣ እኔ ሰው መጠየቅ አፍሬ ነው አንዱን ዓመት ያሳለፍኩት።

ሐሙስ የሒሳብ ፈተና አለኝ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ላብቃ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ