ጄሶው ከተፈታ ወዲህ ለተጨበጠችው እጅሽ

ይድረስ ለልጄ፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ቀለበት ጣትሽና ትንሿ ጣትሽ ወደ መዳፍሽ ታጥፈው አልዘረጋ ማለታቸውን ከነገርሽኝ ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ እጅሽ ላይ ነው። «ልክፍት ነው» ቢሉሽ አትስሚ። ከጉዳት በኋላ እንዲህ የሚያደርግ ዲስቶኒያ የሚባል ሕመም አለ፤ ጡንቻው ሳታዢው ተኮማትሮ ይቀራል። አጥንቱ ገጥሞም ቢሆን፣ ሕመሙና ለሳምንታት ታስሮ መክረሙ አንጎል እጅን የሚያዝበትን መንገድ ሊያዛባው ይችላል። ራጁ ደህና ሆኖ እጁ እምቢ የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሆን ብለሽ አይደለም።

ግን ከጄሶው በፊት ወጌሻው አጥብቆ አስሮሽ ስለነበር አንድ ነገር ለዪልኝ። እስር ሲጠብቅ ደም ይቋረጥና የክንድ ጡንቻ ተጎድቶ ያጥራል። የእጅ አንጓሽን ወደ መዳፍ በኩል ስታጥፊው ጣቶችሽ ከተዘረጉ፣ አንጓውን ስታቀኚው ደግሞ ከታጠፉ፣ ጡንቻው ማጠሩን ያስጠረጥራል፤ ያንን ፈጥኖ የአጥንት ሐኪም ይየው። አንጓው በየትኛውም በኩል ቢሆን ጭብጡ ካልተለወጠ የነርቭ ሐኪም ጠይቂ።

በጉልበት አትዘርጊው፣ ሌላ ሰውም አይሳብልሽ። ሲሳብ ያማል፣ ሕመሙም መልሶ ያስጨብጠዋል። እንደገና ይታሰር የሚል ካለ ምክንያቱን ጠይቂ፤ መታሰር ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል። ይልቅ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንቀሳቅሺው። ጣትሽ ላይ ካፈጠጥሽ ይብሳል፤ ምስር ልቀሚ፣ ሻሽ እጠፊ፣ ሐሳብሽ ሥራው ላይ ይሁን። ቆዳሽ ንክኪ ከጠላ በጥጥ መዳበስ ጀምሪ፣ ከዚያ ነጠላ፣ ከዚያ ፎጣ። ጥፍርሽን ቁረጪ፤ መዳፍሽን አጥበሽ በደንብ አድርቂና ፋሻ ጠቅልለሽ በልሉ አስጨብጪው። በድሬ ሙቀት የተጨበጠ መዳፍ በላብ ቶሎ ይቆስላል።

ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለቀጠሮሽ ስትመጪ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዘሽ ነይ፤ ስትሠሪም፣ ተኝተሽም። እንቅልፍ ላይ መላላቱ ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። የዋጥሽውን መድኃኒት ሁሉ ንገሪ፤ ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ እንኳ አንገትና መንጋጋ ሊያጣምም ይችላል። ጡንቻን የሚያላላውን የቦቱሊነም መርፌ ካዘዙልሽ ኃይሉ 3 ወር ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፊዚዮቴራፒውን ካልሠራሽ እጅሽ ወደ መጨበጡ ሊመለስ ይችላል።

ቅዳሜ ወደ ድሬ በሚወርድ ሰው መስታወት እልክልሻለሁ። በሁለቱ እጆችሽ መካከል አቁሚው፤ የታመመው ከኋላው ይሸሸግ። ደህናውን እየዘረጋሽ ምስሉን የታመመው እጅሽ እንደሆነ አድርገሽ ተመልከቺ፣ የተሸሸገውንም ሳታስገድጂ አብረሽ ሞክሪው።

እናትሽ፣ ከሐረር