«አባባ» የምንላቸው ሰው

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ቤተሰቤ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የትንሿ ልጄ ጥያቄ ነው። ባለፈው እሑድ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ በስልኬ ላይ የቆየ የልጆች ፕሮግራም ከፍቼ ሳለ፣ መጥታ ከጎኔ ቆመችና ጥቂት ከተመለከተች በኋላ «አባባ ተስፋዬ የማን አባት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የማንም አይደሉም ብዬ ልመልስላት ስል አፌ እምቢ አለኝ፤ እዚህ ተወልዳ ላደገች ልጅ ደግሞ አንድ አገር ሙሉ ሕፃን አንድን ሰው «አባባ» እያለ ማደጉን በሁለት ቃል ማስረዳት አልቻልኩም። «ቆይ፣ ማታ እነግርሻለሁ» አልኳት፤ ማታም የጀመርኩት ከእርስዎ ቤት ነበር።

ቴሌቪዥንዎ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆኖ በር እንደ ነበረው፣ በላዩም አክስቴ የሠራችው ዳንቴል ተዘርግቶ እንደ ነበር ነገርኳት። የልጆች ሰዓት ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እርስዎም የሣጥኑን በር በቁልፍ ከፍተው እኛን ዝም ካሰኙ በኋላ፣ ለእኛ ሲሉ የቆሙ መስለው እስከ መጨረሻው ቆመው ይመለከቱ ነበር። እርስዎም አባባ ተስፋዬን ይወዷቸው እንደ ነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን፣ ከመካከላችን ንፍጡን ያልጠረገ ሳይቀር ቀና ብሎ ይቀመጥ ነበር።

ልጄን ከሁሉ ያስደነቃት ግን ሰውየው ከዚያ በፊት ሌላ ሙሉ ዕድሜ የኖሩ መሆናቸው ነው። ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወልደው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የ41 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። እኛ ከመጀመሪያውም ሽማግሌ ሆነው የተፈጠሩ ይመስሉን ነበር እንጂ፣ በመድረክ ላይ ተዋናይ፣ ዘፋኝና ምትሃት አሳይ ሆነው ብዙ ዓመት አሳልፈዋል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮርያ በዘመቱ ጊዜም ወደዚያው ተጉዘው ሠራዊቱን አዝናንተዋል። በኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተውነዋል።

ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው ይጫወቱ ከነበሩት ወንዶች አንዱ እሳቸው ነበሩ። አያቴ አንድ ቀን አይተው ሲመለሱ ስለ «ሴትዮዋ» ውበት ሲያወሩ አምሽተው፣ ወንድ መሆኗን ጎረቤት ሲነግራቸው ተቆጥተው ነበር የሚለውን ታሪክ ከእርስዎ አፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት አላስታውስም። ልጄ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከልጆች ጋር የነበራቸው ችሎታ ከዚያው ከመድረክ የመጣ ነው። ተረት ሲጀምሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት፣ ጅቡ ሲመጣ ትከሻቸውን ሰብረው፣ ጦጣዋ ስትመጣ ደግሞ ዓይናቸውን የሚያንከራትቱት፣ ሰው አዳራሽ ሞልቶ ሲያያቸው የኖረ ተዋናይ የሚያውቀው ሥራ ነው። ይበልጥ የምወድላቸው ግን ዝም ማለታቸውን ነው። አንድ ሕፃን ተረት ሊነግር ተነሥቶ መካከሉ ላይ ሲጠፋበት፣ በእኛ ቤት ቢሆን «በል ተቀመጥ» ይባል ነበር፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ልጁ ተረቱን እስኪያገኘው ድረስ ይጠብቁት ነበር። ባለፈው እሑድ ያየነው ክፍል ላይም እንዲሁ አንዲት ትንሽ ልጅ «ከዚያ... ከዚያ...» እያለች ቀሚሷን ስትጠቀልል እሳቸው አንዴም አላቋረጧትም። ልጄ ስልኩ የቆመ መስሏት በጣቷ ነካችው።

ፕሮግራሙ ለ42 ዓመታት ዘልቋል። በዚህ መካከል ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣና ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፤ ጥቁርና ነጩ ምስልም ወደ ቀለም ተለወጠ። እኛ እዚያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጥነው ወላጆች ሆነን፣ የእኛም ልጆች «አባባ» አሏቸው። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት እዚህ በሥራ ላይ ሳለሁ ነበር፤ አብራኝ የምትሠራው የአገሬ ልጅም ምንም ሳትል እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

አሁን አጎቴ፣ አንድ ነገር አስቸግርዎታለሁ። ልጄ የአያቴንና የ«ሴትዮዋን» ታሪክ ከእኔ ሳይሆን ከእርስዎ ድምፅ መስማት ትፈልጋለች። የሚመጣው እሑድ ስንደውል፣ እባክዎ ሳያሳጥሩ፣ አያቴ ጎረቤቱን የሰደቡትንም ሳይዘሉ ይንገሯት። አማርኛዋ ጥቂት ቢሰባበርም ታዳምጣለች። ተረት ልትነግርዎትም ተለማምዳለች፤ መካከሉ ላይ ቢጠፋባት ይጠብቋት።

አክስቴን በጣም ሳሙልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ